ጠዋት ጠዋት ስኒ ከእጇ ያመልጣታል፦ የ15 ዓመት ልጅና የሚጥል ሕመም

የጀሞው አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ 48 ኪሎ ትመዝናለች፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃ ተንፈራግጣለች። ሁለቱም ከእንቅልፍ በነቃች በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ሁለቱም ባመሸችበት ማግስት ነው፤ አንዱ ከሠርግ በኋላ፣ አንዱ ለፈተና ስታጠና ካደረች በኋላ። መጀመሪያ ካርባማዜፒን 200 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ ታዘዘላት፤ ከሁለተኛው በኋላ ጠዋት 400፣ ማታ 400 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልጣላትም። ነገር ግን መጠኑ ከተጨመረ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እጇ ድንገት ብርግግ እያለ ስኒ ያስጥላታል፤ የጥርስ ብሩሿም ተስፈንጥሮ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ራሷን አትስትም፣ ታወራለች፣ ትስቃለች። ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) አልተነሣችም። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው።

የምጠይቀው፦ መጠኑ አንሷት ይሆን? መድኃኒቱን ራሷ እንድትይዝ ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ አንዳንዴ እንደምትዘል አውቃለሁ፤ እንዴት ላስረክባት? በክረምት የሰንበት ትምህርት ቤት የአራት ቀን ጉዞ አለ፤ ልፍቀድ? አያቷ ደግሞ «ክኒኑን ትታ ጸበል ትግባ» እያሉ ነው። ቤት ውስጥ ምኑን ትሥራ ምኑን ትተው የሚለውም ያከራክረናል።


ሲስተር ነርቭ ክሊኒክ

ወንድሜ፣ ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ነገር ስኒው ነው። ቤተሰብ ክሊኒክ ሲመጣ የሚናገረው መውደቁን ነው፤ የጠዋቱን ብርግግታ ካልተጠየቀ አያነሣውም፣ ወረፋው ሲበዛ ደግሞ ሳይጠየቅ ያልፋል። ያ ብርግግታ ራሱ የሚጥል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ከሰከንድ በታች የሚቆይ፣ ራስን የማያስት ዓይነት። ማዮክሎኒክ ይባላል።

ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት መካከል የሚጀምር፣ ጠዋት ሲነቁ እጅና ትከሻን ብርግግ የሚያደርግ፣ እንቅልፍ በጎደለ ማግስት ደግሞ ትልቁን መንፈራገጥ የሚያመጣ ዓይነት አለ። ጁቬናይል ማዮክሎኒክ ኤፒለፕሲ ነው ስሙ። ልጅዎ ይኼው ነው ያለባት አልልም፤ በጽሑፍ ሰው አይመረመርም። የነገሩን ግን ይመስላል። የዓይነቱ ነገር ለምን እንደሚያሳስብ ልንገርዎ። ካርባማዜፒን ከአንጎል አንድ አካባቢ ለሚነሣው የሚጥል ሕመም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ብርግግታውን ሊያባብሰው ይችላል። ፌኒቶይንም እንደዚያው። ስለዚህ «አንሷት ይሆን?» ብለው ቢያስጨምሩ ነገሩ ሊከፋ ይችላል።

ይህን አንብበው ግን ዛሬ ማታ ክኒኑን እንዳያስቀሩባት። በድንገት ሲቆም አላቋርጥ የሚል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒት ሲለወጥ አዲሱ ቀስ እያለ ይገባል፣ አሮጌው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ለጥቂት ሳምንታት ሁለቱን አብራ ትወስዳለች። ያንን የሚያቅደው ሐኪሙ ነው። የእርስዎ ሥራ ቀጠሮውን ማሳጠር ነው፤ ሁለት ወር ተኩል አይጠበቅም። ክሊኒኩ ሄደው «መጠኑ ከተጨመረ በኋላ አዲስ የጠዋት ብርግግታ መጣ» ይበሉ። ይህ አረፍተ ነገር ካርድ ክፍል ላይም ይሠራል፤ «ልጄን ደግሞ አሟታል» ከማለት ይሻላል።

ይዘው የሚሄዱት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የስልክ ቪዲዮ። ቁርስ ላይ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው ከነቃች ጀምሮ ለ20 ደቂቃ እጆቿና ፊቷ አብረው እንዲታዩ ይቅረጹ። ትልቁ መንፈራገጥ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሰው ካለ አንዱ ይቀርጻል፤ ዓይኗ ክፍት ነው ዝግ? ከየትኛው ወገን ጀመረ? የሚለውን ሐኪሙ ከቪዲዮ ያየዋል። አስቀድመው ግን ፈቃዷን ይጠይቁ፣ ከታየ በኋላም አብረው ያጥፉት። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የወጣ ቪዲዮ የ15 ዓመት ልጅን ከቤተሰቧ ለዓመታት ያጣላል።

ሁለተኛው መዝገብ። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ክኒን የዘለለችበት ቀን፣ የወር አበባ የመጣበት ቀን። በአንዳንድ ሴቶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ይጠጋጋል። ሦስተኛው የመድኃኒቱ ካርቶን።

ኢኢጂ ጠይቁ። አንድ ጊዜ «ኖርማል» ቢል የሚጥል ሕመም የለም ማለት እንዳልሆነ ይወቁ። ለዚህ ዓይነት እንቅልፍ ቀንሶ የሚነሣው ኢኢጂ የበለጠ ያሳያል፤ እንደዚያ ከታዘዘ በዚያን ቀን ብቻዋን ታክሲ እንዳትሳፈር። በምርመራው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ያሳዩአታል፤ ከነዚህ ልጆች ከፊሎቹን እንዲህ ያለ ብርሃን ይቀሰቅስባቸዋልና። በባሕር ዛፍ ረድፍ መሐል የሚያልፍ የመኪና መስኮትም ተመሳሳይ ብልጭታ ይሠራል፤ ያን ጊዜ አንድ ዓይንን በመዳፍ መሸፈን ይረዳል፣ ሁለቱንም ከመጨፈን ይሻላል።

ስለ ምትክ መድኃኒት ሐኪሙ ቫልፕሮኤት ቢል አይደንግጡ፣ ዝም ብለውም አይቀበሉ። ለዚህ ዓይነት ሕመም ጠንካራው እሱ ነው። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከመቶ ሕፃናት ወደ 10 የሚሆኑት የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ችግር ያጋጥማቸዋል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ ያሳሰበው። ልጅዎ ወንድ ቢሆን ውይይቱ ሌላ ነበር። «ሌቬቲራሴታም ወይም ላሞትሪጂን ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሌቬቲራሴታም በቀናት ውስጥ ይሠራል፤ ችግሩ ጠባይ ነው፤ ንጭንጭና ቁጣ፣ አንዳንዴ ድብርት ያመጣል። ላሞትሪጂን ለጠባይ ይሻላል፤ ግን ለሳምንታት በዝግታ ነው የሚጨመረው፣ ቶሎ ከተጨመረ አደገኛ የቆዳ ሽፍታ ያስከትላልና። ሽፍታ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ነው። አንዳንዶች ላይ ደግሞ ብርግግታውን ራሱ ያባብሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ሁለት ዓመት ካልጣላት ይቆማል» የሚባለው ለብዙ የልጅነት ዓይነቶች እውነት ነው። ለጁቬናይል ማዮክሎኒክ ግን መድኃኒቱ ሲቆም ብዙዎቹን መልሶ ይጥላቸዋል፤ ዕድሜ ልክ የሚወስዱት ይበዛሉ። ይህን ልጅቷ አሁኑኑ ብትሰማው ይሻላል፤ በ17 ዓመቷ ደህና ሆኛለሁ ብላ ክኒኑን ከመተዋ በፊት።


መድኃኒት ቤት ከጅማ

ሲስተር የበሽታውን ስለጨረሰችው የክኒኑን ልያዘው።

ጠዋትና ማታ ማለት በ12 ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። እዚህ አገር የሚበላሸው ሰዓቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ተብሎ ይጻፋል፣ ቤተሰብ 8 ሰዓት ብሎ ከምሳ በኋላ ይሰጣል፣ የማታውን ደግሞ 2 ሰዓት። በሁለቱ መሐል ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ አሥራ ስምንት ሰዓት ባዶ። ከዚያ «ጠዋት ነው የሚጥላት» ይባላል። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ብላችሁ ካርቶኑ ላይ በእጃችሁ ጻፉት፤ ስልኳም በዚያው ይጩህ።

ከተረሳ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወሰድ መድኃኒት የተለመደው ደንብ ይህ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሳያልፍ ካስታወሰች ትዋጠው፣ ካለፈ ትተወውና ቀጣዩን በሰዓቱ ትውሰድ። ለማካካስ ሁለት ዶዝ በአንድ ጊዜ አይዋጥም፤ በካርባማዜፒን ያን ያደረገ ልጅ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩታል፣ ሲራመድም ይንገዳገዳል።

ቆጠራው ቀላል ነው። ባለ 200 ከሆነ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት፣ በሳምንት 28፣ በ30 ቀን 120። እሑድ እሑድ ይቆጠር። የሳምንት የክኒን ሣጥን ከሌላችሁ 14 የክብሪት ቀፎ ይበቃል (ክብሪት በዚህ ሕመም ላይ የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው)። ግን ከብልስተሩ አታውጡት፤ በመቀስ ቆርጣችሁ ከነሽፋኑ አስቀምጡ። ካርባማዜፒን እርጥበት ከገባው ይጠነክራል፣ በደንብ አይሟሟም፣ ኃይሉም ይቀንሳል። መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ቫልፕሮኤትም እርጥበት አይወድም።

የሁለት ሳምንት ክኒን ሲቀር ፍለጋ ይጀመር፤ ሁለት ቀን ሲቀር አይደለም። ከገበያ ሲጠፋ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ዞሮ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ከተሰጣችሁ የድሮውን ካርቶን ፎቶ አሳዩ፤ ሚሊግራሙ አንድ መሆኑን፣ ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት ነው ወይስ ተራው የሚለውን አረጋግጡ። ቀስ ብሎ የሚለቀው አይሰበርም፣ አይደቆስም፣ መሐሉ ላይ መስመር ከሌለው በስተቀር ለሁለት አይከፈልም።

ሌሎች መድኃኒቶች። ኤሪትሮማይሲን እና ክላሪትሮማይሲን ካርባማዜፒንን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል፤ ለጉሮሮ ተብሎ ተሰጥቷት በሦስተኛው ቀን ብትንገዳገድ ምክንያቱ ያ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ትራማዶል የሚጥል ሕመምን ይቀሰቅሳሉ። ትራማዶልን በተለይ ለልጃችሁ በስሙ ጠርታችሁ ንገሯት፤ ወጣቶች እጅ ላይ ይገኛል። ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም መንፈራገጥ ሊያስነሣ ስለሚችል ሕክምናውን ሳትከለክሉ የሚጥል ሕመም እንዳለባት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ይኸው ሕመም ኖሯቸው ከውጭ ለክረምት ለሚመጡ ልጆች ለወባ መከላከያ ሜፍሎኪን አይሆንም።

ለአባትም ቢሆን ይህን ማወቅ ደግ ነው፤ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ፤ «ፖስትፒል» የሚባለውን የድንገተኛ መከላከያ ክኒንም ጭምር። የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ አይነኩም። በሌላ በኩል ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒን ላሞትሪጂንን በደም ውስጥ ዝቅ ያደርገዋል። ክኒኑ ለወር አበባ ሕመምም ስለሚታዘዝ ጉዳዩ የባለትዳሮች ብቻ አይደለም።

ጾምን በተመለከተ፣ ክኒን ዋጠች ተብሎ ጾሟ ፈረሰ አይባልም፤ የንስሐ አባቷ ይንገሯት። ረመዳን ለሚጾሙ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሱሑር እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ይመቻል። የሚጎዳው የሱሑሩ እንቅልፍ መቆራረጥ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ሕመም ሐኪሙን ሳያማክሩ አይጾምም። ሕመምተኛ እንዳይጾም ሃይማኖቱ ራሱ ይፈቅዳል።


የቡልቡላዋ

ወጥ ቤትን አትከልክሏት። ሰዓቷን ግን አዛውሩ። ከነቃች የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ትኩስ ነገር፣ ቢላዋ፣ እሳት አይነካም፤ ሻይዋ ግማሽ ድረስ ተቀድቶ ክዳን ባለው ኩባያ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሽሮም ትሥራ ድስትም ታውርድ፣ ቤት ውስጥ ሰው ካለ።

ወጥ የሚሠራበት ድስት ከኋለኛው ምድጃ ላይ፣ እጀታው ወደ ግድግዳ። የፈላ ውኃ ይዛ አትዙር፤ ሳህኑ ወደ ድስቱ ይምጣ እንጂ ድስቱ ወደ ሳህኑ አይሂድ። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምጣዱም ወለል ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ። በእንጨት ለሚጋግር ቤት ዙሪያው የተዘጋው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይሻላል፤ ነበልባሉ ክፍት አይደለም። በጣም የሚያሳስበኝ ቡና ነው። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ከከሰል ፊት ተጎንብሶ መቁላት፤ ብትወድቅ ወደ ፊት ነው፣ ከሰሉ ላይ። ረከቦቱን ታሰናዳ፣ ትቅዳ፤ የሚቆላው ሌላ ሰው ይሁን፣ ብርግግታው እስኪጠፋ ድረስ። እሷ ቆላች አልቆላች እንግዳ ቡናውን መጠጣቱ አይቀርም።

መታጠቢያ ቤት በሩ አይቆለፍ፤ መያዣው ላይ ቀይ ጨርቅ ሲንጠለጠል «ሰው አለ» ማለት ይሁን። ውኃው ውጭ ተቀላቅሎ ለብ ብሎ ይግባ፤ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጣሳ ትታጠብ። በርሜል ካለ ክዳኑ ይገጠም። ጀሞ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ልብስ ማስጣት ጠዋት ለእሷ አይደለም፤ የባልኮኒው መከለያ አጭር ነው።


የጀሞው አባት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስለ ማስረከቡና ስለ ጉዞው የሚያውቅ ካለ? ከትምህርት ቤት ለማንም አልነገርንም። እሷም አትፈልግም።


ሆምሩም ቲቸር

ማስረከቡ በደረጃ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ «በቃ አንቺው ያዢው» አይባልም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት፦ እሑድ ሣጥኑን የምትሞላው እሷ፣ ስትውጥ የምታዩት እናንተ። ቀጥሎ አንድ ወር፦ ስትውጥ አታዩም፣ ማታ ከመኝታ በፊት ሣጥኑን ብቻ ትመለከታላችሁ። ከዚያ፦ የእሑድ ቆጠራ ብቻ። ከ28ቱ ክኒን ትርፍ ከተገኘ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ለሁለት ሳምንት፤ ስልክ መቀማት ወይም ስድብ የለም። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት አብራችሁ ጻፉት፣ እሷም ትፈርምበት። «ዋጥሽ?» ብሎ በእንግዳ ፊት መጮህ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፤ ምላስ ሥር ደብቆ ቆይቶ መትፋት።

የዘለለችበትንም ቀን እንድትናገር አድርጓት። ካልተናገረች ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይጨምራል፤ ያልተዋጠው ተቆጥሮ የሚዋጠው ይበዛል። ቀጠሮ ላይ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ እርስዎ ውጭ ይቀመጡ። የመድኃኒቷን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ ሰዓቱን፣ መጨረሻ የጣላትን ቀን ራሷ መናገር ትቻል።

እንቅልፍ ከክኒን እኩል ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ስልኩ ሌሊት ሳሎን ይደር፤ ጉዳቱ ከመብራቱ ይልቅ የሚያስመሸው ነገር ነው። ሕጉ «አታምሺም» ከሆነ ትዋሻለች፤ «ካመሸሽ ጠዋት ማንም አይቀሰቅስሽም» ከሆነ ግን ትጠብቀዋለች። ለትንሣኤና ለገና ሌሊት አስቀድማ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ትተኛ፤ የማታውን ክኒን ውጣ ትሂድ፤ ከቅዳሴ መልስ ትብላና ትተኛ፤ ዶሮውን ለማቅረብ ብሎ በ12 ሰዓት የሚቀሰቅሳት አይኑር።

ከትምህርት ቤት ለሦስት ሰው መንገር ይበቃል፦ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ለስፖርት መምህሩ፣ ለአንዲት ራሷ ለምትመርጣት ጓደኛ። ለክፍሉ በሙሉ ማስታወቅ የእሷ ውሳኔ ነው። ሳይነገር ቢጥላት ግን የሚሆነው ይታወቃል፤ ክብሪት ተጭሮ አፍንጫዋ ሥር፣ ቁልፍ በእጇ፣ ማንኪያ በጥርሷ መሐል፣ አራት ሰው በላይዋ። የክብሪቱ ጢስ ሕመሙን አያቆመውም፣ አየሯን ግን ያበላሻል። ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። ምላስ አይዋጥም። አጥብቆ መያዝ ትከሻ ያወልቃል። ቦርሳዋ ውስጥ ይህን የሚል ካርድ ይኑር፦

«የሚጥል ሕመም አለብኝ፤ አይተላለፍም። ብወድቅ ሰዓት ያዙ። ጭንቅላቴ ሥር ልብስ አድርጉ፣ መነጽርና ሻርፕ አውልቁ። አትያዙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱኝ። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኔ አስተኙኝ። በደንብ እስክነቃ ውኃ አታጠጡኝ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ስልክ፦ …»

«አይተላለፍም» የሚለውን የመጀመሪያው መስመር ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። በአረፋ ይተላለፋል የሚለው ወሬ ሰው እንዳይነካት ያደርጋል።

ጉዞው፦ ብርግግታው ባለበት አሁን ከሆነ አልፈቅድም፤ መድኃኒቱ ተስተካክሎ ጥቂት ሳምንታት ጸጥ ካለ እፈቅዳለሁ። ያኔም በቅድመ ሁኔታ። ለአራት ቀን ጉዞ የስድስት ቀን ክኒን፣ ግማሹ በእጅ ቦርሳዋ፣ ግማሹ በኃላፊዋ እጅ፤ አንዱ ቦርሳ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል። ሌሊቱን የሚያሳልፍ መርሐ ግብር ካለ እሷ ትተኛለች፣ ይህም ከመነሣታቸው በፊት ለኃላፊዋ ይነገራል። ታችኛው አልጋ። ሐይቅ ዳር ከሆነ ዋና የለም። በኋላም ቢሆን መዋኘት የሚቻለው በክንድ ርቀት ላይ ሕመሟን የሚያውቅ፣ መዋኘትም የሚችል አዋቂ ሲኖር ነው። ኳስ፣ ሩጫ፣ መረብ ኳስ ይፈቀዳል፤ ገመድ መውጣት አይፈቀድም።

ይህንን አሁን መልመዷ ለ12ኛ ክፍልም ይሆናል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አድሮ ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ በወቅቱ ለትምህርት ቤቱ መግባት አለበት፤ ደብዳቤው የመድኃኒቱን ስም ይጥቀስ፣ ፍተሻ ላይ ክኒኑ እንዳይያዝባት።


የቡልቡላዋ

ጸበሉን ዘላችሁታል። አያትየውን «ጸበል ምን ያደርጋል» ብሎ መግጠም ትርፉ ልጅቷን በድብቅ ማስወሰድ ነው። ጸበሉም ክኒኑም ይሁን በሏቸው። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይህንኑ በአደባባይ ተናግረዋል፤ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብረው ይሄዳሉ ብለው። የንስሐ አባታቸው ይህን ከነገሯቸው ከእናንተ ይልቅ ይሰማሉ። ሁኔታው ግን ይወሰን፤ ክኒኑ አንድ ቀን አይቋረጥ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ ወረፋ አትጠብቅ፣ ገንዳ ውስጥ አትግባ፣ ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ ይረጭባት፣ ጎኗ የሚይዛት ሰው ይኑር። አያት ራሳቸው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክኒኑን የሚያቀብሉ ቢሆኑ ደግሞ እሰየው።


ሲስተር ነርቭ ክሊኒክ

አንድ ያልተነሣ አለ፤ መቼ ነው የሚሮጠው? መንፈራገጡ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም አንዱ ካበቃ በኋላ ሳትነቃ ሁለተኛው ከጀመረ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ጭንቅላቷን ክፉኛ ከመታት፣ ወይም ካቆመ በኋላ አተነፋፈሷ ካልተስተካከለ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። መኪና በእጃችሁ ካለ አምቡላንስ አትጠብቁ፤ በጎኗ አስተኝታችሁ ሂዱ። 2 ደቂቃ ላይ ካቆመና ከነቃች ግን ቤት ትተኛ፤ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ አያስፈልግም። ሰዓት ያዙ የምንለው ለዚህ ነው፤ ሰው በድንጋጤ አንዱን ደቂቃ አሥር ያደርገዋል። ቤት የሚቀመጥ የማስቆሚያ መድኃኒት የሚያስፈልጋት ከሆነ ሐኪሙ በኪሎዋ ሠርቶ ያዛል፤ ከጎረቤት ዲያዜፓም ተውሶ መስጠት ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ሌላው የሚያስፈራ ቢሆንም መነገር አለበት። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው አልፎ አልፎ ተኝቶ ሳለ በድንገት ሊሞት ይችላል፤ በልጆች በዓመት ከ4,500 አንድ ገደማ፣ በአዋቂ ከ1,000 አንድ። ከፍ የሚያደርገው ያልቆመው ትልቁ መንፈራገጥ ነው፣ በተለይ የሌሊቱ። ስለዚህ ክኒኑ በሰዓቱ እንዲሆን የምንጨቀጭቀው ለትምህርቷ ብቻ አይደለም። ሌሊት ከጣላት ደርሶ በጎኗ የሚገለብጣት ሰው በሚሰማበት ርቀት ይተኛ፤ በሆዷ ተደፍታ እንዳትቀር። ይህን ለእሷም ይንገሯት፣ በቀን ብርሃን፣ በአጭሩ።

ጠባይዋንም ይዩ፤ የሚጥል ሕመም ባለባቸው ጎረምሶች ድብርት ይበዛል። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከወጣ፣ በተለይ ሌቬቲራሴታም ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ ይነገር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያ የሚባል በዚህ ሕመም ላይ የሚሠራ ድርጅት አለ፤ እሷን የሚመስሉ ልጆች እንዳሉ ማየት ከእኛ ምክር በላይ ይሠራል።


የጀሞው አባት

ክሊኒኩ ደወልኩ። ያልሽኝን አረፍተ ነገር እንዳለ አነበብኩላቸው፤ ለሐሙስ ጠዋት ኢኢጂም ሐኪምም ተያዘልን። ክኒኗን ወስዳ ትምጣ ብለዋል። ሌላ የምናዘጋጀው አለ?


ሲስተር ነርቭ ክሊኒክ

ሹሩባዋን ረቡዕ ማታ ይፍቱላት፤ የተሰፋ ዊግ ካለም ይውጣ። በሳሙና ይታጠብ፣ ቅቤም ቅባትም ጄልም አይነካው፤ ኤሌክትሮዱ ቅባት ላይ አይይዝም፣ ደግማችሁ ትመጣላችሁ። ቁርስ በልታ ትምጣ። ሻዩን ግን በክዳን።